ቅጥል ጠጉር፤ ለሚሳለቁና ለሚሸጡ

ካቻምና የእኅቴ ልጅ ለትንሣኤ በዓል እንኳን አደረሳችሁ ልትለን መጣች። ሳያት ደነገጥሁ። ከሳምንት በፊት ትከሻዋን እንኳ የማይነካው ጠጉሯ ወገቧ ላይ ወርዶ ይወዛወዛል። እኔም የቤቱ ሽማግሌ ነኝና፣ ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ተረት ማውጣት የሚገባኝ መስሎኝ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አልኋት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እርሷም አብራ ሳቀች። ቃሌ በቦታው የዋለ መስሎኝ ደስ ብሎኝ በላሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቱ ሻሽ ሳታስር እቤቴ መጥታ አታውቅም። በሐምሌ እናቷ አስጠራችኝና ሄድሁ። ሻሹን ስታወልቀው ከሁለቱ ጆሮዎቿ በላይ ያለው ቦታ እንደ መዳፍ ተራቁቶ፣ በግንባሯም ጠርዝ ትንንሽ ቁስል ተደርድሮ አየሁ። መቼ ጀመረሽ? ብላት፣ «ገና በማግስቱ፤ ትራስ ላይ ራሴን ማሳረፍ አቅቶኝ ነበር» አለች። ታዲያ ስለ ምን አልተናገርሽም? ስላት አቀረቀረች። መልሱን የሰጠችኝ እናቷ ናት፤ «ተረት ተርተህባት ነዋ!» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች ቀን የተነሣብኝ ቍጣ እስከ ዛሬ ስላልበረደልኝ ነው። ቍጣዬም በሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ጠጉሩን በሚሸጡትና በሚለጥፉት ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው እኔን በመሰሉ ተራቾች ላይ ነው። የልጅቱን ጠጉር ሁለታችን ተጋግዘን ነቀልነው። እነዚያ ሙጫውን አመጡ፤ እኛ ደግሞ ኀፍረቱን ጨመርንበት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሥራው እንዲህ ነው። ከሰው ጠጉር ትንሽ ዘለላ ተወስዶ በጫፉ ላይ ኬራቲን የሚሉት፣ ብዙ ጊዜም የፕላስቲክ ዘር የተደባለቀበት ሙጫ ይደረግበታል። ሠሪዋ ከባለቤቲቱ ጠጉር ጥቂቱን ለይታ ከዘለላው ጋር ካጋጠመች በኋላ ሙጫውን በጋለ ጉጠት አቅልጣ በጣቶቿ ትጠቀልለዋለች። ሲቀዘቅዝ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጠንካራ እብጠት ይሆናል። ራስን በሙሉ ለማልበስ እንዲህ ያለው ዘለላ ከመቶ በላይ ይፈጃል። ሌላም ዓይነት አለ፤ በረድፍ የተሰፋ ጠጉር በላቴክስ ሙጫ ተቀብቶ ከጠጉሩ ሥር ይለጠፋል። ይህኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ላቴክስ የማይስማማው ሰው ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ እስኪደማም ያሳክከዋል። ሲላቀቅም ባዶ እጁን አይነሣም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የሰው ጠጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። እንግዲያው ዛሬ ከራስ ቆዳ አጠገብ የታሰረው እብጠት ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ራስ በዞረ ቍጥርም ሥሩን ይጐትታል። ደግሞ ከጤነኛ ሰው ራስ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጠጉር ይረግፋል። ቅጥል ባለበት ራስ ላይ ግን ከሙጫው ጋር የተያዘው ጠጉር ቢነቀልም መውደቂያ ስለሌለው እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ ከጎረቤቱም ጋር ተያይዞ እንደ ተረገጠ ሱፍ ይቋጠራል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ቅጥል ጠጉር ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በላይ በራስ ላይ እንዳይቆይ የሚመክረው በከንቱ አይደለም። የእኛዪቱ ልጅ ግን ሦስት ወሩ እስኪሞላ እንኳ የመከራት አልነበረም። ሕመሙ ሲበረታባት ወደ ሠራችላት ቤት ተመልሳ ሄዳ ነበር፤ «አዲስ ስለ ሆነብሽ ነው፣ ይለምድሻል» ተብላ ተመለሰች። ስለ ርዝመቱና ስለ ማማሩ አንድ ሰዓት ሙሉ የተናገረ አፍ ስለ አወላለቁ አንድ ቃል አልወጣውም።

ስለዚህ የሴት ልጅ ራስ ሲታመም በቤታችን የሚደረገው ሁሉ ተደረገ፤ እናቷ ቅቤ ቀባቻት። ምስኪን እኅቴ ምን ታድርግ? እኛን ሁላችንን ያሳደገን ቅቤ ነው። ነገር ግን ይህን ሙጫ ቅባት ያላላዋል። ከፊሉ ተንሸራተተ፣ ከፊሉ ከተቋጠረው ጠጉር ጋር ተጣብቆ ቀረ። ልጅቱም እኩለ ሌሊት ላይ በመስተዋት ፊት ተቀምጣ የቀረውን በጣቷ እየጐተተች ነቀለችው። ይህ ሙጫ ግን ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ፣ ብዙውን ጊዜ አልኮል ባለበት ፈሳሽ ርሶ፣ በጉጠት ቀስ ተብሎ ተሰባብሮ፣ ከላይ ወደ ታች በመንሸራተት ነው የሚወጣው። ይህን ለመንገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በዚህ ስፍራ ከእኔ ዘንድ ያሉት ሽማግሎች እጃቸውን እያጨበጨቡ «እኛስ ምን ብለን ነበር! የእናቶቻችን ሹሩባ ምን ጐደለው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እንግዲህ ይስሙኝ። ጠጉር ሲጐተት ሥሩ የሚሞት መሆኑ የተጻፈው በባዕድ ሙጫ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 አንድ ኦስትሪያዊ ሐኪም ይህን በሽታ የገለጠው በግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው፤ እነርሱም የገዛ ጠጉራቸውን እንደ አያቶቻቸው ልማድ ወደ ላይ አጥብቀው ያስሩ ነበር። የእኛም ሹሩባ ቢሆን፣ ቅንድብ ወደ ላይ እስኪሳብና ከዓይን እንባ እስኪወርድ ድረስ ተጠብቆ ሲሠራ፣ ያንኑ ራሰ በራነት ያመጣል። ስንት ሴት አያቶቻችን በሻሽ ሥር ግንባራቸው ወደ ኋላ ሸሽቶ ኖረዋል! እኛ ግን የእርጅና ነው እያልን አለፍነው። ጠላቱ መጐተት ነው፤ ከአገር ቤት ይሁን ከባሕር ማዶ የጠጉር ሥር አይለይም። ከዚህ የተነሣ «ነጭ ለመምሰል ነው» እያለ በልጃገረድ ላይ የሚጮኸውን ሰው አልሰማውም፤ አሟት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወጣቶች ሆይ። መቀጠል አለመቀጠላችሁን እኔ አልወስንላችሁም፤ ስትቀጥሉ ግን ዓይናችሁን ከፍታችሁ ግዙ። ሰው ሠራሽ የሆነውን እንደ ሰው ጠጉር አድርገው ይሸጡላችኋል፤ ከዘለላው አንዲት ፈትል ለኩሱ። የሰው ጠጉር እንደ ላባ ሸትቶ በጣት የሚደቅ አመድ ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ግን ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይተዋል። የሰው መሆኑም ብቻ አይበቃም። ጠጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት አለው፣ ቅርፊቱም ከሥር ወደ ጫፍ ይተኛል። ጫፉ በአንድ ወገን ሳይሰበሰብ ከየቦታው ተለቃቅሞ የመጣ ጠጉር ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይፋጫል። ያን ለመሸፈን ፋብሪካው ቅርፊቱን በአሲድ ያጥበውና ሲሊኮን ያለብሰዋል። በሱቅ ውስጥ እንደ ሐር የሚያበራው ይህ ነው! ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ሲሊኮኑ ይሄድና እንደ ቃጫ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ጣታችሁን ከጫፍ ወደ ሥር አሽቀንጥሩበት፤ ቅርፊቱ በሥርዓት ያለ ጠጉር በዚያ አቅጣጫ ሲሄዱበት ጥቂት ይሻክራል፣ ከሥር ወደ ጫፍ ሲሄዱበት ይለሰልሳል።

ሠሪዋንም ፈትኗት። በግንባር ጠርዝና በጆሮ አጠገብ ያለውን ቀጭን ጠጉር ሳትተው ልትለጥፍበት ከተነሣች ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዘለላው ከሚሸከመው ከራሳችሁ ጠጉር የከበደ እንዳይሆን ተመልከቱ፤ በሦስት ክር ላይ የእንስራ ሸክም አይሰቀልም። ከሁሉ በፊት ደግሞ «መቼና በምን ታወጪልኛለሽ?» በሏት። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ይህን ጥያቄ ትወዳለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ የትዕግሥት ነገር ነው። ስትታጠቡ ጐንበስ ሳትሉ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ማለስለሻውን ከመካከል ወደ ታች እንጂ ወደ ሙጫው አታስጠጉት፤ የጋለ ብረትም እንዲሁ፣ ያቀለጠው እሳት መልሶ ያቀልጠዋልና። ስታበጥሩ ሥሩን በአንድ እጃችሁ ያዙለት። በርጥቡ አትተኙ፤ ማታ ላላ አድርጋችሁ ጐንጉኑት። የሚያም ከሆነ ግን በማግስቱ አስወጡት፣ ይለምዳል የሚላችሁን አትስሙ። ሥሩ ቶሎ ዕረፍት ካገኘ ጠጉሩ ይመለሳል፤ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን አይመለስም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባትም ብዙዎቻችሁ ያላሰባችሁት ነው። ይህ ጠጉር የማን ነበር? በሕንድ አገር በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ስለ ስእለታቸው ራሳቸውን ይላጫሉ፤ ቤተ መቅደሱም ጠጉሩን በጨረታ ይሸጠዋል። ሰጪዋ የሰጠችው ለአምላኳ ነው፣ የሚለብሰውን አታውቅም፣ ከዋጋውም ለራሷ አንዳች አትወስድም። ይህስ በፈቃድ የተሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን የአሜሪካ የጉምሩክ ሹማምንት ከቻይና ከሺንጂያንግ የመጣ 13 ቶን የጠጉር ዕቃ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ነው በሚል ጥርጣሬ በወደብ ላይ ያዙት። ስለዚህ ነገር ነጋዴውን ብትጠይቁት ይስቃል።

እኛ ግን በጠጉር ጉዳይ የምንስቅ ሕዝብ አይደለንም። በ1868 እ.ኤ.አ. በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ ከራሳቸው የተቈረጠው ዘለላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። መንግሥታችን እንዲመለስ ጠየቀ፣ የለንደኑም የጦር ሠራዊት ሙዚየም በመጋቢት ወር 2019 እ.ኤ.አ. አስረከበ። ሁለት ትንንሽ ዘለላ ነበረች፤ ሚኒስትሯ ሄዳ ተቀበለቻት። የንጉሥ ጠጉር የሰውነቱ ክፍል ከሆነ፣ ስሟ ያልተጻፈው የድኻዪቱስ ምንድን ነው? ነጋዴው ከየት እንዳመጣው መናገር ካልቻለ አትግዙት፤ ገበያው የሚሰማው ቋንቋ ይህ ብቻ ነው።

«ይህን ሁሉ ክፉ ካልህ ስለ ምን ጨርሰህ አትከለክልም?» የሚለኝ ይኖራል። ስለ ክልከላማ የእኔው ቤት ምስክር ነው። ከለከልሁ፣ ተረትሁ፣ ሰው አሳቅሁ፤ ልጅቱም በጨለማ ብቻዋን ጠጉሯን ነቀለች። በመድኃኒት ምክንያት ጠጉሯ የረገፈባት ሴትም አለች፤ በእርሷም ላይ ያንኑ ተረት ልንተርት ነውን?

የልጅቱ ነገር እንዲህ ሆነ። በስተቀኝ ያለው ጠጉሯ በዓመቱ ተመለሰ። በስተግራ ሁለት ጣት የሚያህል ስፍራ አሁንም ባዶ ነው፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣትም። በዚህ በጥር የአጎቷ ልጅ ሠርግ ነበርና ሹሩባ ተሠርታ መጣች፤ ባዶውን ስፍራ በጥበብ ሸፍና አምራለች። ሰው ሁሉ እየተመለከተኝ ዝም አለ። «ያምምሻል ወይ?» አልኋት። «በስተኋላ በኩል ጥቂት ያዝ አድርጎኛል» አለችኝ። ሠርጉ ገና አልተጀመረም ነበርና ወደ ሠሪዋ ይዣት ሄጄ እርሷኑ ጐንጉን አስላላንላት፤ ስንመለስ ሙሽሮቹ ገብተው ነበር።