የመስመሩ መነሻ ወዴት ነው?

በአልጀብራ ትምህርት የቀጥተኛ መስመርን ኢኩዌሽን ያልጻፈ ተማሪ የለም፤ በቃሉ የሚይዘው ግን ብዙ፥ ትርጉሙን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። እስቲ ውድ አንባቢ፥ ደብተሩን ለጊዜው ይተዉትና አሜሪካ የምትኖር እኅትዎ ስልክ ደውላ «ልጄን አተኩሶታል፤ መቶ ሁለት ገብቷል» አለችዎ እንበል። እዚያ አገር ሙቀት የሚለካው በፋረንሃይት፥ እኛ ዘንድ ግን በሴልሺየስ ነው። ታዲያ ልጁ ምን ያህል ታሟል?

የቸኮለ ሰው እንዲህ ያሰላል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በሴልሺየስ 100፥ በፋረንሃይት 212 ነው። (አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ እዚህ 100 ሳይሞላ ይፈላል፤ እርሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ስለዚህ አንዱ የሌላው 2.12 እጥፍ ነው ይልና 102ን ለ2.12 አካፍሎ 48 ገደማ ያገኛል። እንዲህ ያለ ትኩሳት ይዞ በሕይወት የሚገኝ ልጅ የለም! ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ሰውየውን ያሳተው መስመሩ ከዜሮ የሚነሣ መምሰሉ ነው። ውሃ በረዶ የሚሆነው በሴልሺየስ 0፥ በፋረንሃይት ግን 32 ነውና የመስመሩ መነሻ 32 ነው።

ከ32 እስከ 212 ያለው 180 ነው። ሴልሺየስ 100 ደረጃ ሲወጣ ፋረንሃይት 180 ይወጣል፤ ይህም ለአንዱ ደረጃ 1.8 ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ስሎፕ የምንለው የመስመሩ ዳገት ይኸው ነው። ሴልሺየስን ሀ፥ ፋረንሃይትን ለ ብንላቸው፤

ለ = 1.8ሀ + 32

አሁን ከ102 ላይ 32 ይቀንሱና የቀረውን 70 ለ1.8 ያካፍሉ፤ 38.9 ገደማ ይሆናል። ሐኪም ሊያየው የሚገባ ትኩሳት ነው፤ ለለቅሶ የሚያደርስ ግን አይደለም።

«መነሻው ባይነገረኝስ?» የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ደግ ጥያቄ ነው። ነገሩ ቀጥተኛ መስመር መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ ሁለት ነጥቦች ይበቃሉ። የሴልሺየስ 20 በፋረንሃይት 68፥ 37ም 98.6 መሆኑን ብቻ ያውቃሉ እንበል። በ17 ደረጃ 30.6 ወጣ፤ ሲካፈል 1.8 ነው። ከ20 ወደ 0 ለመመለስ ደግሞ 20 ጊዜ 1.8፥ ማለት 36 ይውረዱ፤ ከ68 ላይ 36 ሲቀነስ 32፤ መነሻው ራሱ ብቅ አለ። ብዙ ተማሪ በፈተና ማርክ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ዳገቱን እንዳገኘ ደስ ብሎት መነሻውን ሳይፈልግ ወረቀቱን ያስረክባል።

ዳገት ሁሉ ሽቅብ አይደለም። አንደርስ ሴልሺየስ የተባለው የስዊድን የከዋክብት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ ለሚፈላው ውሃ 0፥ ለበረዶው 100 ሰጥቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ገለበጡት። እንደ እርሱ ቢቀር ኖሮ ኢኩዌሽናችን

ለ = 212 − 1.8ሀ

ይሆን ነበር። ጤነኛው ሰው 63 ላይ ሆኖ፥ ትኩሳቱ በጨመረ ቁጥር ቁጥሩ ይቀንስ ነበር።