የቡና ማጠቢያ ሠራተኞችም በመዝገብ ይያዙ

ቡና ላኪ ድርጅቶች የሰው ኃይል አስተዳደራቸውን ሲያዘምኑ፣ በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ እንደ ባንኮ ጎቲቲ ባሉ ቀበሌዎች በእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ለወቅቱ የሚቀጥሯቸውን ሠራተኞች በሥርዓቱ ሊያካትቱ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ በዚህ አካባቢ የሚዘጋጀው የይርጋጨፌ ቡና ስምና ዋጋ የሚጠበቀው በማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ቆመው ቡናውን በሚያገላብጡ፣ የተሰበረውንና የተበሳውን ፍሬ በሚለቅሙ እጆች ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስማቸውና ልምዳቸው ካልተመዘገበ ድርጅቱ በየዓመቱ አዲስ ሰው ለማሠልጠን ይገደዳል።

ሁለተኛ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅጥር ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ሥራው ወቅታዊ መሆኑ ይህን ግዴታ አያስቀርም።

ሦስተኛ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብርን የመሰለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ስላለ ደመወዝን በስልክ ከፍሎ ማስረጃ መያዝ ይቻላል። ይህም የሒሳብ ውዝግብን ይቀንሳል።

የሠራተኞች ስምና ክፍያ የሚጻፍበት የጣቢያ ኃላፊ የግል ደብተር የሰው ኃይል አስተዳደር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ላኪዎች ከመጪው የእሸት ቡና ወቅት በፊት የሠራተኛ መዝገብ፣ የጽሑፍ ውልና የክፍያ ማስረጃ ያደራጁ፤ የሚመለከታቸው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም አፈጻጸሙን በየጣቢያው ተገኝተው ያረጋግጡ።