ውሻና ጌታው በሕግ ፊት

በፎገራ ሜዳ ላይ ውሻ ከባላገሩ ቤት የማይለይ ዘበኛ ነው። ሌሊት በረቱን ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል፤ በመኸርም ወራት በሩዙ ክምር ሥር ያድራል። ይሁን እንጂ ይኸው ውሻ ወደ ወረታ ገበያ የሚወርደውን መንገደኛ ወይም ደብተሩን ይዞ የሚያልፈውን ሕፃን የነከሰ እንደ ሆነ ዕዳው የማን ነው?

ብዙ ሰዎች «አምልጦኝ ነው» ወይም «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» በማለት የሚድኑ ይመስላቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በ2071ኛው አንቀጽ ይህን ምክንያት አይቀበልም። እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው።

እርግጥ ነው፣ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው ለቆ ከዕዳው ነጻ ሊሆን እንደሚችል 2074ኛው አንቀጽ ይፈቅዳል። ነገር ግን ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ወይም እርሱ በሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ከሆነ ይህ በር ዝግ ነው። እንግዲህ ተናካሽነቱን እያወቀ ውሻውን በቀን ፈትቶ የሚለቅ ሰው «ውሻውን ውሰዱት» ብሎ እገላገላለሁ ብሎ ተስፋ አያድርግ። ኦሪት ዘጸአትም በ21ኛው ምዕራፍ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው በቀረው ጌታ ላይ ፍርዱን ታከብዳለች።

የተነከሰውም ወገን ልብ ይበል። ውሻውን በድንጋይ እየደበደበ ያስቆጣ ሰው ካሣው ሊቀነስበት ወይም ፈጽሞ ሊቀርበት ይችላል። ክሱም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጎረቤታሞች በሽማግሌ ቢታረቁ መልካም ነው፤ ሽማግሎቹ ግን የሕክምናውን ወጪና ሥራ የተፈታበትን ቀን አይዘንጉ።

ከካሣው አስቀድሞ ግን የሚታሰበው ሕይወት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ በሽታውን ይከላከላል። የውሻው ጌታም ነገሩን ለመሸሸግ ውሻውን አይሰውር፤ ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ፤ ጤነኛ የሚመስል ከሆነም አስሮ 10 ቀን ይጠብቀው። የተነከሰው ሰው ግን ይህን ቀን ሲቆጥር ሕክምናውን አያዘግይ።

ውሻ ያላችሁ ቤተ ሰቦች ሆይ፣ ቀን ቀን እሰሩት፤ በየዓመቱም አስከትቡት። የገመዱና የክትባቱ ዋጋ ከአንድ ሕፃን ቁስል ጋር አይመዛዘንምና።