የተደበቀ ሱስ፣ የተደበቀ ትግል፦ ማጨስን ማቆም ለምን የብቻ ሥራ ሆኖ ቀረ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ሐና ማርያም ባሉ ካፌዎች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች በር ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ ተለጥፎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያው ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ርቆ ደግሞ ሱቅ በደረቴ የያዘ ወጣት ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። ማሳሰቢያው አጫሹን ከቤት ያስወጣዋል። ከወጣ በኋላ ጨርሶ መተው ቢፈልግ ማን እንደሚያግዘው ግን የሚነግረው የለም። የትምባሆ ቁጥጥር ሥራ ዛሬ የገጠመው ዋነኛ ጥያቄም በዚህ ክፍተት ውስጥ ይገኛል።

ኢትዮጵያ በሕግ ረገድ የሠራችው ሥራ ቀላል የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነትን በ2006 ዓ.ም በአዋጅ አጽድቃለች። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ነው። አዋጁ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ዝግ ቦታዎች፣ በሥራ ቦታዎችና በሕዝብ ማመላለሻዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም እንዳይጨስ ደንግጓል። የትምባሆ ማስታወቂያን አግዷል፤ በፓኮው የፊትና የኋላ ገጽ ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አዟል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከልክሏል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በበኩሉ 30 በመቶ ታክስ ከመጣሉ በላይ 20 ፍሬ በያዘ በእያንዳንዱ ፓኮ ላይ 8 ብር ጨምሯል።

እነዚህ እርምጃዎች ሁሉ የሚያተኩሩት አዲስ አጫሽ እንዳይፈጠርና የማያጨሰው ሰው ከጭስ እንዲጠበቅ በማድረግ ላይ ነው። በሱሱ ተይዞ ለመላቀቅ የሚታገለው ሰው ጉዳይ ግን በአብዛኛው ለራሱ ቆራጥነት ተትቷል።

ይህ ሰው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 5 በመቶው፣ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ያህሉ፣ ትምባሆ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ቁጥሩ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ለዚህም ሃይማኖታዊ ትምህርትና የማኅበረሰቡ ነቀፌታ ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም። ሲጋራ በታላላቆች ፊት የማይያዝ፣ በቤተሰብ መካከል የማይነሳ ነውር ሆኖ ቆይቷል። ነውርነቱ ብዙዎችን ከመጀመር አድኗል።

ይኸው ነውር ግን ሌላ ገጽታም አለው። ማጨሱን ከእናቱ፣ ከትዳር ጓደኛውና ከሥራ ኃላፊው የደበቀ ሰው ማቆሙንም ደብቆ ለማቆም ይገደዳል። «ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው» ብሎ የሚነግረው ሰው የለም። ብስጭቱና እንቅልፍ ማጣቱ ምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ማስረዳት አይችልም። ሲያገረሽበትም ማንም ስለማያውቅ ማንም አያነሳውም። ሴት አጫሾች ላይ የሚደርሰው ነቀፌታ ይበልጥ ከባድ በመሆኑ መደበቁም በዚያው ልክ ይከፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

የሱሱ ባሕርይ ደግሞ ብቸኝነትን የሚመች አይደለም። ኒኮቲን ከጭሱ ጋር ወደ ሳንባ በገባ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። አንጎሉ ከዚህ ጋር ተላምዶ የቆየ ሰው ሲያቆም ሀራራው ይነሳበታል፤ ይበሳጫል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ እንቅልፉ ይዛባል። ስሜቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀንሳል። አካሉ ከተላቀቀ በኋላም ልማዱ ይቀራል። ከቡና በኋላ የምትጨስ ሲጋራ፣ ከጫት ጋር የምትለኮስ ሲጋራ፣ በታክሲ ተራ ወረፋ ሲጠበቅ ከባልደረባ ጋር የምትካፈል ሲጋራ ሁሉም ከሰውና ከቦታ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ምንም ድጋፍ ከሚደረጉ የማቆም ሙከራዎች የሚሳኩት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገልጻል። የባለሙያ ምክርና ውጤታማነታቸው የተረጋገጠ መድኃኒቶች ሲታከሉ የመሳካት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

ማጨስም ሆነ ማቆም የብቻ ውሳኔ አለመሆኑን በጉልህ ካሳዩ ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ የጤና ክትትል መረጃ ላይ የተመሠረተው ነው። ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003 ያለውን የ12,067 ሰዎች መረጃ መርምረው ውጤቱን በ2008 አሳትመዋል። አንድ ሰው ሲያቆም የትዳር ጓደኛው የማጨስ ዕድል በ67 በመቶ፣ የጓደኛው በ36 በመቶ፣ የወንድም ወይም የእህት በ25 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች አብረው በሚሠሩ ባልደረቦች መካከልም ቅናሹ 34 በመቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰዎች የሚያቆሙት በተናጠል ሳይሆን እርስ በርስ የተሳሰሩ ቡድኖች ሆነው እንደሆነ አስተውለዋል። በዚያው መጠን ሳያቆሙ የቀሩት ከማኅበራዊ ግንኙነቱ መሀል ወደ ዳር እየተገፉ ሄደዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኢትዮጵያ ልዩ ትርጉም አለው፤ አጫሹ አስቀድሞም ዳር ላይ ባለበት ማኅበረሰብ የሚያቆም ሰው አርአያነት ለሌላው አጫሽ አይታይም።

ይህ ሲባል ግን ማንኛውም ማበረታቻ ይሠራል ማለት አይደለም። በኮክሬን የተሰባሰቡ የጥናት ግምገማዎች በቡድን የሚሰጥ ምክር ያገኙ ሰዎች በጽሑፍ ብቻ ከሚረዱት በተሻለ ሁኔታ እንደሚያቆሙ አሳይተዋል። በአንጻሩ የትዳር ጓደኛን ወይም ቤተሰብን ለደጋፊነት ለማሠልጠን የተደረጉ ሙከራዎች ግልጽ የሆነ ተጨማሪ ውጤት አላስመዘገቡም። ልዩነቱን መገመት አያዳግትም። ቁጣ፣ ምርመራና «ዛሬም ሸተትከኝ» የሚል ወቀሳ ከድጋፍ ይልቅ ወደ መደበቅ ይመልሳል። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ሲገናኙ ግን መሳሳት ነውር መሆኑ ይቀራል፤ አንዱ የወደቀበትን ቀን ሌላው ያውቀዋልና።

ለዚህ ዓይነቱ መደጋገፍ ኢትዮጵያ ከውጭ የምትቀዳው አዲስ አሠራር አያስፈልጋትም። እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ዕቁቡና የቡና ጉርብትናው በየመንደሩ አለ። ከመሀል ከተማ ወደ ጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ ነዋሪዎች እንኳ ከአዲሱ ሰፈር ጋር ሳይላመዱ ያቋቋሙት እድርን ነው። ሃይማኖታዊ ሥርዓቱም የራሱን በር ይከፍታል። በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ሳያጨስ የሚውል ሰው ወይም ሁዳዴን ምክንያት አድርጎ ሲጋራ የሚተው ሰው ማቆም እንደሚችል ለራሱ አረጋግጧል። የጎደለው ከጾሙ ማግሥት «ጀምረኸዋልና ቀጥል» የሚለው ሰው ነው።

አገሪቱ ከዚህ የከበደ ዝምታን የሰበረችበት ልምድም አላት። ኤች አይ ቪ በአፍ የማይጠራ ነውር በነበረበት ዘመን ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት ተሰባስበው በአደባባይ መናገር ጀመሩ። እርስ በርስ መደጋገፋቸው በሽታውን አላጠፋውም፤ ታማሚው ግን ተደብቆ እንዳይሞትና ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ረድቷል። ትምባሆና ኤች አይ ቪ የተለያዩ ቢሆኑም ሁለቱንም ያባባሰው መደበቅ ነው።

የመንግሥት ድርሻም በማኅበረሰቡ ትከሻ ላይ ተጥሎ የሚቀር አይደለም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 14 አባል አገራት ለማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ድጋፍና ሕክምና እንዲያመቻቹ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ያወጣው መመሪያ ደግሞ የጤና ባለሙያዎች በመደበኛ ሥራቸው መካከል ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ምክር ለእያንዳንዱ የትምባሆ ተጠቃሚ እንዲሰጡ ይመክራል። ይህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በላፍቶ ጤና ጣቢያዎች ደም ግፊቱን ለመለካት ወይም ሳሉን ለመታከም የመጣ ሰው «ያጨሳሉ? ለማቆም አስበው ያውቃሉ?» ቢባል ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ቤት ለቤት የሚሄዱት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህን ጥያቄ ያለ ወቀሳ ማንሳት የሚችሉ፣ በሰፈሩ የሚታወቁ ሰዎች ናቸው።

የአጫሾች ቁጥር ትንሽ በሆነበትና የጤና በጀት ለወባ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ባልበቃበት አገር ይህ ጉዳይ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሳንባ ካንሰር፣ የልብ ሕመምና የስትሮክ ሕክምና ከአጭር ምክር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወጪ ይጠይቃል፤ አብዛኛውንም የሚሸፍነው ቤተሰብ ነው። ከዚህም በላይ የትምባሆ ገበያው አልተኛም። ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ወደ 70.95 በመቶ ያሳደገው በወጣት ብዛቷ የምትታወቅ አገር ላይ ተስፋ ጥሎ ነው። ዛሬ ዝቅተኛ የሆነው ቁጥር ነገም ዝቅተኛ ሆኖ እንዲቀጥል መሥራት ከፍ ካለ በኋላ ለማውረድ ከመድከም ይቀላል።

ማቆም የሚያስገኘው ጥቅምም ሩቅ አይደለም። ካቆሙ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ የደም ዝውውርና የሳንባ አቅም ይሻሻላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ለልብ ደም ሥር በሽታ የመጋለጥ ዕድል ከአጫሹ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ይቀንሳል። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል ወደ ግማሽ ይወርዳል። እነዚህን ዓመታት የሚያስቆጥሩት ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው፤ አጫሹ ብቻውን የሚሸነፈውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚል ማኅበረሰብ ለለቅሶና ለሠርግ ሸክም መካፈልን ያውቅበታል። ሕጉ አጫሹን ከበር አስወጥቶታል። ጤና ጣቢያው ጠይቆ፣ እድሩ ሳይነቅፍ፣ ባልደረባው አብሮ ቆሞ፣ ቤተሰቡም ታግሶ ከተቀበሉት፣ በጀሞም ሆነ በሳሪስ ለማቆም የወሰነ ሰው ዛሬ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ በግልጽ የሚናገርበት ሰው ያገኛል።