ለዴክስድ ሠሪዎች፣ ከማክሰኝት

ለፓስካል ጎቲዬ፣ ለራፍ ሌቪንና አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ

የምጽፍላችሁ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል፣ ከጣና ብዙም ከማትርቀው ከማክሰኝት ነው። ሠርግና በዓል ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ።

ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣውን ዲኤክስ7 የተባለ ሲንተሳይዘር በእጄ ነክቼው አላውቅም። የዚያ ዘመን ኪቦርዶች ድምፅ ግን በካሴት ተቀድቶ ቤታችን ገብቷል። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር ደራርበው ብቻቸውን የሠሩትን ካሴት በሰማሁ ቁጥር፣ እነዚህ መሣሪያዎች የእኛም ቅርስ እንደሆኑ ይሰማኛል።

የዲኤክስ7 ድምፅ መነሻ የስታንፎርዱ ጆን ቾውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋለው ነገር ነው። አንዱን ድምፅ በሌላው እያርገበገቡ ፍጥነቱን ቢጨምሩት፣ ጆሮ መርገብገቡን መስማት ይተውና አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ኖታ ስድስት ሞገድ አመንጪዎችን በ32 ዓይነት አሰላለፍ ያያይዛል። እናንተ ዴክስድ በተባለው ፕሮግራማችሁ ያንን ስሌት ላፕቶፕ ላይ ዳግም ሠራችሁት። የዱሮው መሣሪያ የድምፅ ፋይሎች ሳይቀሩ ይከፈቱበታል። 14 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ እዚህ ማንም ሊያገኘው የማይችል ዕቃ በነፃ፣ ከነኮዱ ደረሰን።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግናችሁ ግን ስለ ቅኝቱ ነው። ክራር ደርዳሪውም አዝማሪውም የሚቃኙት በጆሯቸው ነው። የአንቺሆዬን ቅኝት ሲጫወቱ አንዳንዱ ድምፅ ከኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መሃል ያርፋል። ኪቦርድ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ከፍሎ፣ በቁልፍና በቁልፍ መካከል 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) አስቀምጦ፣ ከዚያ አልንቀሳቀስም ይላል። አብረን ስንጫወት ሁልጊዜ የሚታረመው ማሲንቆው ነበር። አዝማሪው ከአባቱ የተማረውን ድምፅ ለእኔ ሲል ይለውጣል። ይህ በደል ነው፤ ብዙ ዘፈኖቻችንንም አደህይቷል ብዬ አምናለሁ።

በዴክስድ የየድምፁን ርቀት በተራ የጽሑፍ ፋይል በሴንት እጽፍና አስገባለሁ፤ ኪቦርዱ ወደ ማሲንቆው ይመጣል። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ይህን አይችልም ነበር። በዚህ በኩል ቅጂው ዋናውን በልጧል፤ ለቅኝቱ ሥራ ላገዘው፣ ሰርጅ የተባለውን ሲንተሳይዘር ለሚሠራው ቡድንም ምስጋናዬ ይድረሰው።

አሁን አዝማሪዎች በየጣታቸው የሚያወጡትን ድምፅ እየለካሁ የአንቺሆዬና የባቲ ፋይሎች እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ አዝማሪ ከሌላው ለየት አድርጎ ስለሚጫወት፣ ወደ አንድ አማካይ አላመጣቸውም፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለየብቻ አስቀምጣለሁ። ሲያልቁ እንደ እናንተ በነፃ እለቃቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ
የኪቦርድ ተጫዋች፣ ማክሰኝት