ግራሶ ያልጠጣ ክሬሸር ለማን ነው የሚያተርፈው?

ጠጠር ተወደደ ሲባል ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ነዳጅ ላይ፣ ዶላር ላይና ደላላ ላይ ነው። ሦስቱም እጃቸው አለበት፣ አንክድም። ዛሬ ግን ብዙ የማይወራላትን አንዷን እናንሳ፤ የክሬሸር ጥገናን። ከተሰበረ በኋላ የሚደረገውን ሳይሆን ሳይሰበር በፊት በየፈረቃው መደረግ ያለበትን።

ይህን ገጽ ከመጀመራችን በፊት አዲስ አበባ ዙሪያ አንድ የድንጋይ ካባ ላይ ግራሶ እየሞላን ሠርተናል። ዲግሪ የለንም፤ ኩሽኔታ ሲጮህ ግን ከሩቅ እናውቃለን። እዚያ የነበረው ሕግ አንድ ነው፤ ሲኖ ትራክ ተሰልፎ ካለ ማሽን አይቆምም። አንድ ቀን ከኮንቬየሩ ሥር የተከመረውን ጠጠር በአካፋ ሲጠርግ የነበረ ጓደኛችንን አካፋውን ሮለሩ ጎተተበት፣ እጁም ተከተለ። ሁለት ጣቱን አጣ። ያን ቀን ማሽኑ የቆመው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት አሥር ደቂቃ ቆሞ ቢጠረግ ኖሮ እኮ አካፋው እዚያ ባልደረሰ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆው ክሬሸር የሚባለው ድንጋዩን መጀመሪያ የሚቀበለው ማሽን እንደ መንጋጋ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ጎን ቆሞ ሌላው እየገፋ ድንጋዩን ያደቃል። ድንጋዩን የሚነክሱት ጆው ፕሌቶች ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 በመቶ ማንጋኒዝ አላቸው። ይህ ብረት በተመታ ቁጥር ላዩ እየጠነከረ ይሄዳል። ግን ታችኛው ጫፉ ከላይኛው ፈጥኖ ያልቃል። በጊዜው ፈትቶ ከላይ ወደ ታች ማገልበጥ ዶላር አይጠይቅም፣ የግማሽ ቀን ጉልበትና ክሬን ነው የሚፈልገው። ችላ ከተባለ ግን ገና ግማሽ ዕድሜ የነበረው ፕሌት ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይሸጣል።

ግራሶም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ለማለስለሻ ብቻ ይመስለዋል። ካባ ላይ ግን ትልቁ ሥራው አቧራ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ ከውስጥ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ሲያንስ አቧራው ይገባል፣ ሲበዛም ኩሽኔታው ይግላል። ስለዚህ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እኛ ግን የመጀመሪያው ቀን የተሰጠን ትምህርት ‹‹እስኪወጣ ሙላ›› የሚል ነበር።

አሁን ወደ ምንዛሪው ጉዳይ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጆው ፕሌቱ፣ ኩሽኔታው፣ የኮን ክሬሸሩ ነሐስ ቡሺንግ፣ ፊልትሮው ሁሉ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። መለዋወጫ ሲወደድ ጥገና ይጨምራል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኛ የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ‹‹እስኪሰበር ይሥራ›› ይባላል። በሌላ በኩል ከ2016 ጀምሮ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ቀንና ሌሊት ሲሠራበት ቆይቷል፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ጠጠር ነገ ይድረስ ተብሎ አይጠበቅም።

እስቲ እንቁጠረው። ለምሳሌ ያህል በሰዓት 50 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ክሬሸር ነው እንበል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለጥገና ቢቆም 25 ሜትር ኩብ ይቀራል። ኩሽኔታ ተቃጥሎ ለሁለት ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢቆም ደግሞ 800 ሜትር ኩብ ይቀራል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 50 መኪና ማለት ነው። ሐቁን እንናገርና፣ 32 የግማሽ ሰዓት እረፍቶች ተደምረው ያንኑ 800 ይሆናሉ። ባለቤቱ ‹‹ምን ልዩነት አለው?›› ቢል ከሂሳብ አንጻር ሞኝ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የተቃጠለ ኩሽኔታ ብቻውን አይሄድም፣ ዘንጉን ይበላል፤ ዘንግ ደግሞ ሱቅ ገብተህ የምትገዛው አይደለም። ያ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ሠራተኛው ምሳ ሲበላ ወይም መብራት ሲጠፋ ሊገኝ ይችላል።

መብራት ካነሳን አይቀር፤ ድንገት ሲጠፋ ክሬሸሩ ድንጋይ እንደጎረሰ ይቆማል። ሠራተኛው ድጅኖ ይዞ ይወርድና ያወጣል። መንኮራኩሩ በእንጨት ካልታሰረ፣ የታፈነው ድንጋይ ሲላቀቅ መንጋጋው መንቀሳቀስ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ግን የሚወርደው ብዙ ጊዜ አዋጁን ሰምቶ የማያውቅ የቀን ሠራተኛ ነው።

ሌላም አለ። ጆው ክሬሸር ቶግል ፕሌት የምትባል ቁራጭ አለችው፤ የስካቫተር ጥርስ ወይም ሌላ የማይደቅ ብረት ሲገባ ቀድማ እንድትሰበር ታስባ የተሠራች ናት። የቤታችን ፊውዝ በሏት። አንዳንድ ቦታ ደጋግማ ስትሰበር በወፍራም ብረት በይደው ይተኳታል፤ ፊውዝ ሲቃጠል የመዳብ ሽቦ እንደሚቀጥለው ሰው። ቀጥሎ ብረት ሲገባ የሚሰነጠቀው የማሽኑ ዋና አካል ይሆናል።

የችግሩ ሥር ግን መካኒኩ አይመስለንም። ውሉ ነው። ማሽኑ የአንድ ሰው፣ ተከራዩ ሌላ፣ ኦፕሬተሩ የሚከፈለው ደግሞ በሜትር ኩብ። ተከራዩ የሚቀጥለው ዓመት ኩሽኔታ አያስጨንቀውም፣ ኦፕሬተሩም ማሽን ባቆመ ቁጥር ከገዛ ኪሱ ይቀነሳል። ባለቤቱ ከተማ ሆኖ ‹‹ስንት ወጣ?›› ብሎ ይደውላል እንጂ ‹‹የዘይቱ ሙቀት ስንት ነበር?›› ብሎ አይጠይቅም። ኮን ክሬሸር ላይ ዘይቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ቁም የሚል ምልክት ነው። ሙቀቱን በየሰዓቱ የሚጽፍ አንድ ደብተርና ለጥገና የቆመው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት የሚቆጠርበት አንድ መስመር ውሉ ላይ ቢገባ ብዙ ነገር ይለወጣል ብለን እናምናለን።

ይህ የካባ ሰዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ወንፊቱ ተቀዶ ሳይቀየር ሲቀር ‹‹ዜሮ ሁለት›› ተብሎ የተገዛው ጠጠር ውስጥ ትልልቁ ድንጋይ ይቀላቀላል። ጥርሱ ያለቀ ጆው ፕሌትም ጠፍጣፋ ጠጠር ያበዛል፤ እንዲህ ያለ ጠጠር ኮንክሪቱ ውስጥ ተጨማሪ ውሃና ሲሚንቶ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ሲቆጥቡ ደግሞ የሚጨመረው ውሃው ብቻ ነው። ያ ኮለን ላይ የሚኖረው ማን ነው? እናንተና እኛ።

ጆው ፕሌት አገር ውስጥ ይሠራ የሚሉ አሉ፣ እኛም ደስ ይለናል። ግን ማንጋኒዝ ብረት ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ ስለፈሰሰ ብቻ አያልቅም። ከ1000 ዲግሪ በላይ ሞቆ ውሃ ውስጥ በድንገት መቀዝቀዝ አለበት፤ ካልሆነ ተሰባሪ ይሆናል። በብየዳ አለአግባብ ሲጋልም እንዲሁ። ርካሽ ነው ተብሎ ተገዝቶ በሳምንቱ የተሰነጠቀ ፕሌት በዓይናችን አይተናል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ወንፊት ይደፍናል፣ የካባው መንገድ ይበላሻል፣ ሥራው በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ማሽን የሚፈታበት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ችግሩ ከውጭ የሚታዘዝ ዕቃ ባንክ ቤት፣ ወደብና ጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ ወራት መፍጀቱ ነው። ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ ለሚነሳ ክሬሸር ዕቃው መታዘዝ ያለበት ገና በግንቦት ነው።