ፈረሱን ከጦርነቱ ማን አስወጣው?

የኮምፒውተር ጌም በሚወዱ ወጣቶች ዘንድ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። በምናብ ዓለም ውስጥ ተጫዋቹ ከሚመርጣቸው የተዋጊ ዓይነቶች አንዱ ጦረኛው ነው፤ ሰይፍና ጋሻ ይዞ ጠላቱን ፊት ለፊት የሚጋፈጠው። ታዲያ ይህ ጦረኛ አብሮት የሚዋጋ እንስሳ ይኑረው ወይስ አይኑረው? አዳኙ ተኩላ ወይም ድብ ያስከትላል፤ ጠንቋዩ ጋኔን ይጠራል፤ ጦረኛው ግን ብቻውን ነው። ብቻውን ይሁን የሚሉት ደግሞ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው። የጦረኛ ክብሩ ክንዱ ነው፤ እንስሳ ካስከተለማ ከአዳኙ በምን ሊለይ ነው? ይላሉ።

“ይህማ የልጆች ነገር ነው” ብሎ ገጹን ለመግለጥ የቸኮለ አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። የልጆች ነገርስ መቼ ቀላል ሆኖ ያውቃል? የጎጃም ልጅ ጀግና ማለት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይማር የነበረው ከፉከራና ከቀረርቶ ነው። ዛሬ የደብረ ማርቆስ ልጅ ከስልኩ መስታወት ላይም ይማራል። ስለዚህ መስታወቱ ላይ ያለው ጀግና ማን እንደሆነ፣ ከጎኑስ ማን እንደቆመ መጠየቅ የእኛም ጉዳይ ነው። እኔ በበኩሌ ለጦረኛው አዲስ እንስሳ ይታደለው አልልም። ፈረሱ ይመለስለት ነው የምለው።

ለመሆኑ በዚህ አገር ስመ ጥር ጦረኛ ያለ ፈረሱ መቼ ተጠርቶ ያውቃል? ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ታጠቅም ዳኘውም ነጋም የፈረስ ስሞች ናቸው። ልጅ በአባቱ ሲጠራ እናውቃለን፤ እዚህ ግን አባት የተባለው ሰው ራሱ በፈረሱ ይጠራል። አሽከሩ ሲፎክር የሚጠራው ይህንኑ ስም ነው። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የተዋጋበት ገደልና ጫካ እንደልብ ፈረስ የሚያስጋልብ አልነበረም። ቢሆንም ሕዝቡ የሰጠው የክብር ስም በፈረስ ስም ደንብ የወጣ ነው፤ አባ ኮስትር። ክንዱ ብቻ ክብሩ ነው የሚሉን ሰዎች ይህን ስም ምን ሊሉት ይሆን?

“ፈረስ ምን ጎደለ? በጌሙ ውስጥ ጦረኛውም እኮ ይጋልባል” የሚለኝ አይጠፋም። ይጋልባል፤ እንዴት እንደሚጋልብ ግን ልብ በሉ። በ1997 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2004) በወጣውና የዓለምን ወጣት በማረከው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጦረኛው ከአገር አገር የሚሄደው በፈረስ ነው። ሰይፉን ሊሰነዝር ሲል ግን ፈረሱ ከሥሩ ብን ብሎ ይጠፋል! ለመንገድ ያገለገለው ለውጊያ አይፈለግም። የእኛ አገር ጦረኛ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነበር። ዘመቻ ሲወጣ መንገዱን የሚገፋው በበቅሎ ነው። ፈረሱን አሽከር እየሳበ ይከተላል፤ ጉልበቱ ለዋናው ቀን ይቆጠባል። ጠላት ሲታይ ያን ጊዜ ከበቅሎ ይወረድና ፈረስ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ጌም ሠሪዎቹ ያደረጉት ፈረሱን በቅሎ ማድረግ ነው። በቅሎን ለመናቅ አይደለም፤ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከእርሷ የሚሻል የለም። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

የፈረስን ነገር ጎጃም በደስታ ብቻ አይደለም የተማረው። መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ገጠሙ። በሸዋ በኩል የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ነበረ። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። የጎጃም ሰው ጀግንነት ጎድሎት ነው የሚል ቢመጣ እሟገተዋለሁ። የዚያን ቀን ድል ግን የሰው ብቻ አልነበረም፤ ራስ ጎበናም አባ ጥጉ ነበሩ።

ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ አንዱን ግን ከልቤ አከብረዋለሁ። አጃቢ እንስሳ ተጫዋቹን ያሰንፋል ይላሉ፤ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ተኩላው ይነክስለታል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ጥፋት የእንስሳው ሳይሆን የሠሪው ነው። እንስሳውን እንደ ሁለተኛ ሰይፍ ነው የሚያስቡት። አይርበውም፣ አይደነግጥም፣ አይኮርፍም። ቢሞት እንኳ አዳኙ ለጥቂት ሰኮንድ እጁን አወዛውዞ ያስነሳዋል። ፈረስ እንዲህ ነው?

እስቲ የራሳችንን የውጊያ ጨዋታ፣ ጉግስን እንይ። ጋላቢው አውራ ጣቱን ብቻ በእርካብ ሰክቶ፣ ጋሻና ዘንግ ይዞ ይፈተለካል። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። የሚሸሸው የሚወረወርበትን ዘንግ ለመመከት ወደ ኋላው ዞሮ ጋሻውን ሲያነሳ መንገዱን ማን እያየለት ነው? ፈረሱ ነዋ! በዚያች ቅጽበት ሰውየው ሕይወቱን ለሌላ ፍጡር አደራ ሰጥቷል። ያን አደራ ለማግኘት ስንት ወር አብልቷል፣ አጥቧል፣ ከተኩስና ከጩኸት ጋር አለማምዷል። ጦረኛውን ከአዳኙ የሚለየው ይህ ይሁን፤ አዳኙ እንስሳውን ይልከዋል፣ ጦረኛው ግን አብሮት ይገባል። የአንዱ ቁስል የሁለቱም ይሁን። ፈረሱ ከሞተም ይሙት፤ ተጫዋቹም በእግሩ ይሂድ፣ ይዘን። ይህ ጌሙን ያቀለዋል የሚል ካለ ፈረስ አላሳደገም።

የፈረስን ውለታ ያልረሱ ጎረቤቶችም አሉን። በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል አለ። እንጅባራ ላይ ፈረሶች ተሸልመው፣ አጊጠው የሚወጡበት ምክንያት ዓድዋ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ከሰው ጋር የዘመተው ፈረስ እንዲታወስ። ጌም ለሚሠራ ወጣት ከዚህ የበለጠ ምን ቤተ መጻሕፍት ያስፈልገዋል? የአገራችን ልጆች ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ዋና ተዋናይ የሆነችበትን “ኩኩሉ”ን ሠርተው አሳይተውናል። ዶሮ እዚህ ማዕረግ ከደረሰች ፈረስ ምን በደለ?

ከከተሞቻችን አስፋልት ዳር ግን የምናየው ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ የጎተተ ፈረስ ጀርባው ሲቆስል፣ እግሩ ሲሰበር ተፈትቶ ይለቀቃል። መኪና እየሸሸ፣ ፌስታል እያኘከ ይውላል። ባለጋሪው ድኻ ነው፤ እርሱን ብቻ ለመውቀስ አልደፍርም። ይሁን እንጂ ሲያስፈልግ የሚጠራ፣ ሲያበቃ ብን ብሎ የሚጠፋ ፈረስ ጌም ውስጥ ብቻ ያለ አይምሰለን። ልዩነቱ፣ የእኛው አለመጥፋቱ ነው፤ እዚያው ቆሞ ያየናል።

እናንተ ጌም ለመሥራት ወገባችሁን የታጠቃችሁ ወጣቶች፣ ከውጭ የመጣውን ጦረኛ ካባና ጎፈር አልብሳችሁ “የእኛ ነው” አትበሉን። መጀመሪያ ፈረሱን ሥሩት፤ ስምም አውጡለት። ተጫዋቹ ከጌሙ ሲገባ የራሱን ስም አይጻፍ፤ የፈረሱን ስም ይጻፍና ጠላቱም ወዳጁም “አባ እገሌ” እያለ በዚያ ይጥራው።